የርግብ ጅራት፦ የአንድ የእንጨት መጋጠሚያ ታሪክና ምስክርነት

በ1632 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የለንደን ከተማ ሹማምንት ጉባኤ በሁለት የእንጨት ሠራተኞች ማኅበሮች መካከል የነበረውን ክርክር መርምሮ ፍርድ ሰጠ። በአንድ ወገን ቤትና ጣሪያ የሚሠሩት አናጢዎች፥ በሌላው ወገን ሣጥንና ወንበር፥ ጠረጴዛና ቁም ሣጥን የሚሠሩት ዕቃ ሠሪዎች ነበሩ። ጉባኤው ሥራውን የከፈለው በዕቃው ዓይነት ብቻ ሳይሆን በመጋጠሚያውም ጭምር ነው። ሳንቃው በምስማር ተመትቶ የሚያያዘው ሥራ ለአናጢዎች ሲተው፥ በማጣበቂያ፥ በእንጨት ችንካር ወይም በርግብ ጅራት የሚጋጠመው ለዕቃ ሠሪዎች ተወሰነ።

ጕዳዩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በሣጥን ማእዘን ላይ የሚገኝ፥ ከጣት ወርድ እምብዛም የማይበልጥ ቅርጽ የሁለት ማኅበሮች እንጀራ ድንበር ሆኖ መገኘቱ የሕዝብን ኑሮና ባህል ለሚመረምር ሰው ብዙ ያስተምራል። መጋጠሚያ የብልኀት ጕዳይ ብቻ አይደለም። ሥራውን ማን ማወቅ እንዳለበት፥ ያወቀውም ምን ያህል ዋጋ እንደሚያገኝ፥ ዕውቀቱም በማን ሥልጣን ሥር እንደሚውል አብሮ ይናገራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አንድ መጋጠሚያ ከግብፅ መቃብሮች አንሥቶ ዛሬ ራውተር እስከሚባለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ድረስ በመከተል፥ ሁለት እንጨት ልክ ለልክ እንዲገጥም የሚያደርገው ዕውቀት በየዘመኑ የት ያድር እንደ ነበረ ማመልከት ነው።

፩. ስለ መጋጠሚያው ጠባይና ስለ ስሙ

እንጨት ተቈርጦ ከደረቀም በኋላ ፈጽሞ አያርፍም። እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፤ ሲደርቅ ይጠባል። የሚሰፋውና የሚጠበው ግን ወደ ጐን ነው እንጂ በጅማቱ ርዝመት በኩል ያለው ለውጥ ከቍጥር የሚገባ አይደለም። ከዚህም ሌላ ጅማቱ የተቈረጠበት የሳንቃ ጫፍ ማጣበቂያን ስለሚመጥጥ፥ አንዱን ጫፍ በሌላው ላይ ለጥፎ ብቻ የጸና ማእዘን ማግኘት አይቻልም። ሣጥን መሥራት የሚፈልግ ሁሉ ከዚህ ችግር ጋራ መገናኘቱ የማይቀር ነው።

የሕዝቦች ብልኀት ችግሩን በልዩ ልዩ መንገድ አልፎታል። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ መጋጠሚያ አያስፈልገውም። በጠፍር አልጋ ላይ ደግሞ ቋሚውና አግዳሚው እንጨት በሴቴና በወንዴ ይሰካሉ፤ በእርጥብነቱ የተጠላለፈው ጠፍርም ሲደርቅ ተኰማትሮ ሁሉንም አጥብቆ ይይዛል። የርግብ ጅራት የሚባለው መጋጠሚያ ግን ጠፍርም ምስማርም ሳይፈልግ በቅርጹ ብቻ የሚቈለፍ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በአንደኛው ሳንቃ ጫፍ ላይ በሥራቸው ጠበው በጫፋቸው የሚሰፉ ቅርጾች ይቈረጣሉ፤ እነዚህ ጅራት ይባላሉ። በሁለተኛው ሳንቃ ጫፍ ላይ ደግሞ በጅራቶቹ መካከል ባለው ክፍት ቦታ የሚገቡ ጥርሶች ይቀራሉ። ሁለቱ ሲጋጠሙ ጅራቱ ወደ ገባበት አቅጣጫ ካልተመለሰ በስተቀር በሌላ በኩል ቢስቡት አይወጣም። ስለዚህ በመሳቢያ ላይ ጅራቶቹ የሚቈረጡት በጐኑ ሳንቃ፥ ጥርሶቹም የሚቀሩት በፊተኛው ሳንቃ ላይ ነው። ሰው መሳቢያውን በሳበ ቍጥር መጋጠሚያው እየጠበቀ ይሄዳል እንጂ አይላቀቅም። የሁለቱም ሳንቃ ጅማት ማእዘኑን ተከትሎ ስለሚዞር እንጨቱ ሲሰፋና ሲጠብ ሁለቱ አብረው ይንቀሳቀሳሉ፤ ማእዘኑም አይሰነጠቅም። የጅራቱ ዝንባሌ በልማድ ለለስላሳ እንጨት ከስድስት አንድ፥ ለጠንካራ እንጨት ከስምንት አንድ ነው። ዝንባሌው ከዚህ እጅግ ከበዛ የጅራቱ ሹል ማእዘን ይሰበራል፤ እጅግ ካነሰም መቈለፉ ይቀራል።

ስለ ስሙ የሚነገረውም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የአማርኛው አጠራር የእንግሊዝኛውን የተከተለ ሲሆን ቅርጹን ከርግብ ጅራት ጋራ ያመሳስላል። ፈረንሳዮች፥ ጀርመኖች፥ ኢጣልያውያንና ቻይናውያን ግን ርግብን ትተው የጨረባን፥ ማለት መንታ ጅራት ያላትን የበራሪ ወፍ ስም ይሰጡታል። የጥንት ሮማውያን ቅርጹን ትንሽ መጥረቢያ ብለውታል። ጃፓኖች ደግሞ ጉንዳን ይሉታል፤ የጉንዳን ወገብ ቀጭን፥ ራሷ ግን ሰፊ ነውና። ቅርጹ አንድ ሆኖ ሳለ እያንዳንዱ ሕዝብ በዓይኑ ፊት ካለው ፍጥረትና መሣሪያ ስም መስጠቱ፥ መጋጠሚያው በየአገሩ የራስ ገንዘብ ሆኖ እንደ ኖረ ያሳያል።

፪. ከግብፅ እስከ ለንደን

ከጥንታዊት ግብፅ መቃብሮች በወጡ የእንጨት ዕቃዎች ላይ ይህ መጋጠሚያ ይገኛል። በግብፅ ምድር ለጣውላ የሚሆን ትልልቅ ዛፍ ጥቂት ስለ ነበር ጥሩው እንጨት ከሊባኖስ በባሕር ይመጣ ነበር። ከዚህም የተነሣ ትንንሹን ቍራጭ አገጣጥሞ ትልቅ ዕቃ ማውጣት የማይታለፍ ብልኀት ሆነ። ባለሙያዎቹም በመዳብና በነሐስ መጋዝና መሮ ብቻ እጅግ የረቀቀ ሥራ ሠርተዋል። ቅርጹ በድንጋይ ሕንጻም ውስጥ ገብቷል። ሁለት ጅራት በወገባቸው የተያያዙ የሚመስል የእንጨት ማያያዣ በሁለት ጐረቤት ድንጋዮች ላይ በተፈለፈለ ጕድጓድ ውስጥ ይቀመጥ ነበር።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው የሥነ ሕንጻ ሊቅ ቪትሩቪዩስ ስለ ሕንጻ ሥራ በጻፈው መጽሐፍ አራተኛ ክፍል ውስጥ ይህን መጋጠሚያ ጠቅሶታል። የቤተ መቅደስ ተሸካሚ አግዳሚዎች በእንጨት ችንካርና በትንሽ መጥረቢያ ቅርጽ ሲያያዙ በመካከላቸው የሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይተው፤ ነፋስ ካልገባባቸው ይሞቃሉ፥ ሞቀውም ይበሰብሳሉ ሲል ይመክራል። ከዚህ ምክር እንደሚታየው የጥንቱ ባለሙያ መጋጠሚያውን ያየው እንደ ጌጥ ሳይሆን እንጨት ስለሚበሰብስበትና ስለሚጸናበት ምክንያት ካለው ጠቅላላ ዕውቀት ጋራ አያይዞ ነው።

በእንግሊዝ አገር የመጋጠሚያው ታላቅ ዘመን የጀመረው ግን ከላይ ከተነገረው ፍርድ በኋላ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በ1660 ዓ.ም. ንጉሣዊው መንግሥት ከተመለሰ ወዲህ ከኔዘርላንድና ከፈረንሳይ የመጣ አዲስ ሞድ በመኳንንቱ ቤት ገባ። ይህም የዕቃውን ገጽ በስስ የዋልነት እንጨት መለበጥ ነው። ልባጥ ለጥ ያለ ገጽ ይፈልጋል፤ የምስማር ራስም ሆነ ከፍና ዝቅ ያለ ክፈፍ አይስማማውም። ስለዚህ ከልባጡ በታች ያለው ሣጥን በርግብ ጅራት እንዲጋጠም ግድ ሆነ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያው የሚያስደንቅ ነገር ይህ ነው። ዛሬ የጥሩ ዕቃ ምልክት ተብሎ የሚታየው መጋጠሚያ በዚያ ዘመን ይሰወር ነበር። የቁም ሣጥኑ ማእዘን በልባጥ ይሸፈናል። የመሳቢያው ጅራትም ከፊት እንዳይታይ በፊተኛው ሳንቃ ውፍረት ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ባለሙያዎች የጥርሱን ጫፍ ከአንድ የመጋዝ ስንጥቅ ወርድ በማይበልጥ መጠን እስከ ማቅጠን ደርሰው ነበር። ይህን ጥበብ የሚያየው ግን መሳቢያውን ፈጽሞ አውጥቶ ጐኑን የሚመለከት ሰው ብቻ ነው። ሠራተኛው ለገዢው ዓይን ሳይሆን ለሥራው ጽናትና ለሙያ ባልንጀሮቹ ፍርድ ይሠራ እንደ ነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

፫. መለኪያው ራሱ እንጨቱ ስለ መሆኑ

በእጅ የሚሠራው የርግብ ጅራት ከሌላው የሚለይበት ነገር በቍጥር የማይለካ መሆኑ ነው። ሠራተኛው አስቀድሞ የሳንቃውን ውፍረት በማስመሪያ ወስዶ በጫፉ ዙሪያ ቀጭን ጭረት ይጭራል። ከዚያም ጅራቶቹን ይነድፋል፤ በቀጭን መጋዝ ይቈርጣል፤ በመካከላቸው ያለውንም በመሮ ያወጣል። አንዳንዱ ጥርሱን ቢያስቀድምም ሕጉ አንድ ነው። የመጀመሪያው ሳንቃ ካለቀ በኋላ በሁለተኛው ጫፍ ላይ ይቀመጥና ቅርጹ በወስፌ ወይም በቢላዋ ጫፍ ይቀዳል። እንግዲህ አንዱ ለሌላው መለኪያ ይሆናል ማለት ነው። መጋዙም በጭረቱ ላይ ሳይሆን ከጭረቱ አጠገብ፥ በሚጣለው እንጨት በኩል ያልፋል። በጭረቱ ላይ ያለፈ እንደ ሆነ መጋጠሚያው በመጋዙ ወርድ ያህል ይላላል።

በዚህ ዓይነት የተሠራ ጅራት የሚገባው ከተቀዳለት ጥርስ ጋራ ብቻ ነው። ከአንድ ሣጥን አራት ማእዘኖች መካከል አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ስለዚህ ሠራተኛው እንዳይሳሳት በየማእዘኑ ምልክት ያደርግ ነበር። በአሮጌ መሳቢያዎች ውስጠኛ ገጽ ላይ እስከ ዛሬ የሚታዩት የእርሳስ ቍጥሮችና ጭረቶች አብዛኞቹ የዚህ ልማድ ምስክሮች ናቸው።

ይህ ዕውቀት የሚተላለፈው በቃልና በማየት ነው። በ1839 ዓ.ም. በለንደን ስለ ዕቃ ሠሪ ሙያ የታተመ አንድ ትንሽ መጽሐፍ የአንድን ተለማማጅ ትምህርት በቅደም ተከተል ያሳያል። ልጁ መጀመሪያ በምስማር የሚመታ የዕቃ ማሸጊያ ሣጥን ይሠራል፤ ቀጥሎ በርግብ ጅራት የተጋጠመ የተማሪ ሣጥን፤ በመጨረሻም ባለ መሳቢያ ቁም ሣጥን ይሠራል። በምስማርና በርግብ ጅራት መካከል ያለው መንገድ ልጁ ጀማሪነቱን የሚተውበት መንገድ ነበር። የ1632ቱ ፍርድ በሁለት ማኅበሮች መካከል ያሰመረው ድንበር፥ በአንድ ሠራተኛ ዕድሜ ውስጥም የመሸጋገሪያ ደረጃ ሆኖ ተገኘ።

፬. ልክነት ከእጅ ወደ መኪና ስለ መሄዱ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሳሙኤል ቤንታም የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1791 እና በ1793 ዓ.ም. ስለ እንጨት ሥራ መኪናዎች የፈጠራ መብት ማረጋገጫ ተቀበለ። ሁለተኛው ማረጋገጫ ሰፊ ነው። መላግን፥ መሰርሰርን፥ መብሳትንና የርግብ ጅራት ቅርጽ ማውጣትን ሳይቀር በሚሽከረከር ስለት ለመሥራት ያቀደ ነበር። የዚህ ዕቅድ መነሻ ግን ለታሪክ ጸሐፊ ከመኪናው የበለጠ ያስተምራል። ወንድሙ ፈላስፋው ጄረሚ ቤንታም በዚያው ዘመን አንድ ጠባቂ እስረኞችን ሁሉ ከመካከል ሆኖ የሚያይበት አዲስ የእስር ቤት ሐሳብ ያዘጋጅ ነበር። ሙያ የሌላቸው እስረኞች ጥሩ የእንጨት ሥራ እንዲያወጡ የሚያስችል ነገር ስለ ተፈለገ፥ የሳሙኤል መኪናዎች ለዚህ አገልግሎት ታሰቡ። ዕውቀቱ ከሰውየው ወጥቶ በብረቱ ውስጥ ቢገባ ሰውየው ማወቅ አያስፈልገውም የሚለው ሐሳብ እንዲህ በግልጥ ተገለጠ።

የእስር ቤቱ ዕቅድ አልተፈጸመም፤ ሐሳቡ ግን በሌላ ቦታ ፍሬ አፈራ። ቤንታም በመርከብ ኀይሉ መሥሪያ ቤት ባለሥልጣን ከሆነ በኋላ ማርክ ብሩኔል የነደፋቸው፥ ሄንሪ ሞድስሌም የሠራቸው 45 መኪናዎች በፖርትስመዝ የመርከብ መሥሪያ ተተከሉ። እነዚህም የመርከብ ገመድ የሚያልፍባቸውን የእንጨት መዘውሮች ያወጡ ነበር። ቀድሞ 110 ባለሙያዎች ይሠሩት የነበረውን 10 ሙያ የሌላቸው ሰዎች እንደ ሠሩት ተጽፏል።

የርግብ ጅራት ግን ለመኪና በቀላሉ አልተገዛም። ሹል የሆነው የውስጥ ማእዘን በሚሽከረከር ስለት አይወጣም፤ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ የሚተወው ክብ ነውና። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት ይኖር የነበረው ቻርልስ ክናፕ ይህን ችግር ያለፈው ቅርጹን በመተው ነው። በ1867 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት ካገኘ በኋላ መኪናውን አሻሽሎ ግማሽ ክብ ቅርጽ በመካከሉ ከቆመች ድቡልቡል ችንካር ጋራ የሚገናኝበትን መጋጠሚያ አወጣ። ከ1871 ዓ.ም. ጀምሮ መኪናው በማሳቹሴትስ በፋብሪካ ሥራ ላይ ዋለ። ጐበዝ ሠራተኛ በእጁ በቀን ከ15 እስከ 20 መሳቢያ ሲያጋጥም መኪናው 200 ያህል ያወጣ እንደ ነበረ ይነገራል።

የክናፕ መጋጠሚያ ጠንካራና ትክክል ነበር፤ ሆኖም ዕድሜው ከ30 ዓመት ብዙ አልራቀም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሌሎች መኪናዎች የርግብ ጅራትን መልክ የሚመስል ቅርጽ ማውጣት ሲችሉ የክናፕ ቅርጽ ተተወ። ገዢዎች የፈለጉት ጽናትን ብቻ ሳይሆን የለመዱትን መልክ ጭምር ነበር። የአሜሪካን የቤት ዕቃ የሚመረምሩ ሊቃውንት ዛሬ ይህን ግማሽ ክብ በአንድ መሳቢያ ላይ ሲያገኙ ዕቃው የተሠራው በእነዚያ ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ እንደ ሆነ ያውቃሉ። ለባለቤቱ የወደቀው ፈጠራ ለታሪክ ጸሐፊው የዘመን መለያ ሆኖ ቀረ።

፭. የተሰወረው ስለ መገለጡ

መኪናው ወደ ፋብሪካ ሲገባ በእንግሊዝ አገር ተቃራኒ የሆነ ሐሳብ ይነሣ ነበር። ጆን ረስኪን ከ1851 እስከ 1853 ዓ.ም. ባሳተመው ስለ ቬኒስ ሕንጻዎች በሚናገረው ሥራው ውስጥ፥ ሠራተኛውን እንደ መሣሪያ ፍጹም ልክ እንዲሆን ማስገደድ ሰብአዊነቱን መግፈፍ እንደ ሆነ ተከራከረ። ዊልያም ሞሪስና ተከታዮቹ ይህን ሐሳብ ወደ ዕቃ ሥራ አመጡት። ኧርነስት ጊምሰንና ሁለቱ ወንድማማቾች ኧርነስትና ሲድኒ ባርንስሌ በ1893 ዓ.ም. ለንደንን ትተው ኮትስዎልድ ወደሚባለው የገጠር አውራጃ ሄዱ። በሠሩት የኦክ እንጨት ዕቃ ላይ የርግብ ጅራቱን በልባጥ መሸፈን ትተው ፊት ለፊት አወጡት። መጋጠሚያው ራሱ ጌጥ ሆነ።

እዚህ ላይ ሁለተኛው የሚያስደንቅ ነገር ይገኛል። በእጅ መሥራት የግድ በነበረበት ዘመን መጋጠሚያው ይደበቅ ነበር፤ በእጅ መሥራት የግድ መሆኑ ሲቀር ግን ለእይታ ቀረበ። ቀድሞ ሥራው ሣጥኑን መያዝ ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ዕቃውን ሰው እንደ ሠራው መመስከር ሌላ ሥራው ሆነ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጠንካራ ማጣበቂያዎችና የማይሰፋ የማይጠብ የተደራረበ ጣውላ ሲወጡ ደግሞ የመያዙ ሥራ እያነሰ፥ የመመስከሩ ሥራ እየበዛ ሄደ።

፮. ራውተርና መሪ ሰሌዳው

ራውተር የሚለው ስም በመጀመሪያ የእጅ መሣሪያ ስም ነበር። አንዲት ስለት ከእንጨት እጀታ በታች ወጣ ብላ የተቈፈረውን ቦታ ወለል የምታስተካክልበት መሣሪያ ሲሆን፥ እንግሊዛውያን ሠራተኞች በቀልድ የአሮጊት ጥርስ ይሉት ነበር። በእጅ የሚያዘው የኤሌክትሪክ ራውተር የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ከቀደሙት ሠሪዎች መካከል በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ፊኒክስ በምትባል ከተማ የነበረው ካርተር ይጠቀሳል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የፀጕር አስተካካይ መኪና ሞተር ወስዶ የሚሽከረከር ስለት እንዳበጀለት፥ ከዚያም በዐሥር ዓመት ያህል ጊዜ 100,000 የሚያህሉ መሣሪያዎች እንደ ተሸጡ ይነገራል። በ1929 ዓ.ም. ሥራውን ስታንሌ የተባለው የመሣሪያ ኩባንያ ገዛው።

የራውተር ስለት በደቂቃ 20,000 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። ለርግብ ጅራት የሚያገለግለው ስለት ከታች ሰፍቶ ከላይ የጠበበ ነው፤ ብዙ ጊዜም ወርዱ ግማሽ ኢንች፥ ዝንባሌው 14 ዲግሪ ይሆናል። ይህ ከእጅ ሥራው ልማድ የበዛ ዝንባሌ ነው፤ ከስምንት አንድ የሚባለው 7 ዲግሪ ያህል፥ ከስድስት አንድ የሚባለው ደግሞ ዘጠኝ ተኩል ዲግሪ ያህል ብቻ ነውና። ስለቱን የሚመራው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው ሰሌዳ ነው። በተለመደው ዓይነት ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 7/8 ኢንች ነው። የመሳቢያው ጐን ቀጥ ብሎ፥ ፊተኛው ሳንቃ ጋደም ብሎ በአንድነት ይታሰራሉ፤ አንዱም ከሌላው በ7/16 ኢንች ፈቀቅ ይላል። ራውተሩ በሰሌዳው ጥርሶች መካከል ሲገባና ሲወጣ ጅራቱንና ማረፊያውን በአንድ ጊዜ ይቈርጣል።

ልክነቱ የሚገኘው በስለቱ ጥልቀት ነው። ስለቱ ዝቅ ሲል ጅራቱ በጫፉ እየሰፋ ስለሚሄድ መጋጠሚያው ይጠብቃል፤ ከፍ ሲል ይላላል። ልዩነቱ የፀጕር ውፍረት ያህል ቢሆንም በእጅ ይታወቃል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠራተኛ ዕቃውን ከመንካቱ በፊት እኩል ውፍረት ባለው ውዳቂ ሳንቃ ላይ ደጋግሞ ይሞክራል። እንጨቱም በጠርዙ እንዳይፈነጠር መጀመሪያ በስሱ ይጭረዋል። አንድ ጊዜ ከተስተካከለ ግን መቶ መሳቢያ ቢሠራ መቶውም አንድ ነው፤ የአንዱም ጅራት በሌላው ማረፊያ ይገባል። አንዱ ሳንቃ ለሌላው መለኪያ መሆኑ ቀርቶ ሁለቱም ለሦስተኛ ነገር፥ ለሰሌዳው፥ ተገዢ ሆኑ።

ይህ ተገዢነት በዕቃው ላይ ምልክቱን ይተዋል። ጅራትና ጥርስ እኩል ወርድ፥ እኩል ርቀት ይኖራቸዋል። በዳርና በዳር ያለው ቅርጽ እንዲስማማ ከተፈለገ የመሳቢያው ቁመት የ7/8 ኢንች ብዜትን መከተል አለበት፤ ማለትም የዕቃው መጠን ራሱ በሰሌዳው ይወሰናል። የስለቱ አንገት እንዳይሰበር መወፈር ስላለበት የ18ኛው ክፍለ ዘመን ባለሙያ ያወጣውን የመጋዝ ስንጥቅ የሚያህል ቀጭን ጥርስ ራውተር ሊያወጣ አይችልም። የማረፊያው የውስጥ ጫፍም ክብ ነው።

ከዚህ የተነሣ የቀጭን ጥርስና የማይተካከል ርቀት የእጅ ሥራ መለያ ሆነው ተቈጠሩ። ብዙም ሳይቈይ ግን በ1980ዎቹ መጀመሪያ በካናዳ አንድ በአንድ የሚንቀሳቀሱ ጥርሶች ያሉት መሪ ሰሌዳ ወጣ። ሠራተኛው ጅራቶቹን በፈለገው ወርድና ርቀት ማድረግ ቻለ። ለዘመናት የእጁን መንቀጥቀጥ ለመግዛት ይጣጣር የነበረው የሰው ልጅ፥ አሁን ደግሞ የመኪናውን እኩልነት ለመደበቅ መሣሪያ ሠራ።

፯. መሪ ሰሌዳውን የያዘው ማን ነው?

የእንግሊዝ የዕቃ ነደፋ መምህር የነበረው ዴቪድ ፓይ በ1968 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የእጅ ሥራና የመኪና ሥራ የሚለው ክፍፍል በቂ እንዳልሆነ አስረድቷል። በእርሱ ሐሳብ መለየት የሚገባው ሌላ ነው። በአንዱ ዓይነት ሥራ ውጤቱ እስከ መጨረሻው ሰዓት ድረስ በሠራተኛው ጥንቃቄና ፍርድ ላይ ስለሚንጠለጠል ዘወትር ሥጋት አለበት፤ በሌላው ዓይነት ውጤቱ ሥራው ሳይጀመር አስቀድሞ በመሣሪያው ተወስኗል። በዚህ ሚዛን ሲታይ ራውተር በመካከል ይቆማል። ሰሌዳው ቅርጹን ይወስናል፤ ጥልቀቱን መፍረድ፥ ሳንቃውን እኩል መላግ፥ የእንጨቱን ጠባይ ማወቅ ግን ለሠራተኛው ይቀራል። ሳንቃው ከተጣመመ ወይም ውፍረቱ ከተለያየ ሰሌዳው አያድነውም።

ይህ ክፍፍል ጠቃሚ ቢሆንም የታሪኩን ሁሉ ምስጢር አይፈታም። አንዱ የመሪ ሰሌዳ ሐሳብ በሁለት ቦታ ሁለት ተቃራኒ ነገር ሠርቷል። በቤንታም ዕቅድ ሰሌዳውን የሚያበጀው ሌላ፥ የሚያስተካክለው ሌላ፥ የሚሠራበት ደግሞ እስረኛ ነበር። በፋብሪካም ሠራተኛው መኪናውን ይመግባል እንጂ ስለ ጥልቀቱ አይጠየቅም። በትንሽ መሥሪያ ቤት ያለ አናጢ ራውተሩን ሲገዛ ግን ያው ብልኀት ወደ እርሱ ይመለሳል። ሰሌዳውን የሚያስተካክለው፥ በውዳቂው እንጨት ላይ የሚሞክረው፥ ላላ ወይም ጠበቀ ብሎ የሚፈርደው፥ የሥራውንም ዋጋ የሚቀበለው አንድ ሰው ነው። መሣሪያው ሙያን ያጠፋል ወይስ ያሰፋል የሚለው ጥያቄ መልስ የሚገኘው መሣሪያውን በማየት ብቻ ሳይሆን ሰሌዳው በማን እጅ እንዳለ በመጠየቅ ነው። የለንደን ሹማምንት በ1632 ዓ.ም. የፈረዱትም በመሠረቱ ይህንኑ ነበር።

ለባህል ተመራማሪም የሚቀር አንድ ተግባር አለ። በአንድ የቤት ዕቃ ላይ የርግብ ጅራት መገኘቱ ብቻ ዕድሜውንም ሆነ አሠራሩን አያረጋግጥም። የጅራቶቹ ርቀት መለያየትም ከ1980ዎቹ ወዲህ ለእጅ ሥራ በቂ ማስረጃ መሆኑ ቀርቷል። መሳቢያው ወጥቶ ውስጡ መታየት አለበት። በጅራቱ ሥር ያለው የማስመሪያ ጭረት፥ በፊተኛው ሳንቃ ውስጠኛ ገጽ ላይ ከልክ ያለፈው የመጋዝ ምልክት፥ የመሮው ዱካ፥ በማእዘኑ የተጻፈው ቍጥር፥ የማረፊያው ጫፍ ሹል ወይም ክብ መሆኑ በአንድነት ሲነበቡ ምስክርነት ይሰጣሉ። እንዲህ ያለው ንባብ ጊዜ ይወስዳል፤ በሙዚየም መዝገብ ላይም ብዙ ጊዜ ከአንድ መስመር አያልፍም። ነገር ግን ስሙን በዕቃው ላይ ሳይጽፍ ያለፈው ሠራተኛ ምን ያውቅ እንደ ነበረ፥ ዕውቀቱም የራሱ ወይም የሌላ ሰው እንደ ነበረ የሚገኘው ከዚያች መስመር ነው።